የሞዴል ሄሊኮፕተር ብልሽት ፍለጋ

የሞዴል ሄሊኮፕተር ብልሽት ፍለጋ ማለት በሪሞት የሚበር አነስተኛ ሄሊኮፕተር በትክክል አልሠራ ሲል ምክንያቱን ከምልክቶቹ ተነስቶ የማግኘት ሥራ ነው። አዲስ ሄሊኮፕተር ከካርቶኑ ወጥቶ አልነሳ ሲል፣ ወይም ተነስቶ እንደ እንዝርት ሲሽከረከር፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን የአዲስ ሄሊኮፕተር ችግር ከሦስት ነገሮች በአንዱ ሊመጣ ይችላል፦ ከተሰበረ ወይም ከላላ ዕቃ፣ ከተሳሳተ አስተካከል፣ አለዚያም ከራሱ ከሄሊኮፕተር ተፈጥሮ። የመጨረሻው ጭራሽ ብልሽት ስላልሆነ በካቻቢቴ አይጠገንም። ሦስቱን ሳይለዩ ብሎን መፍታት የሚጀምር ሰው ደህና የነበረውን ክፍል አዛብቶ ሁለተኛ ችግር ይፈጥራል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ማግኘት በጣም ይከብዳል።

የሄሊኮፕተሩ ዓይነትና ጠባይ

በሬዲዮ የሚታዘዙ ሞዴል አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ይበሩ ነበር። ሄሊኮፕተርን በቁጥጥር ማብረር የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በተለይ በጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር ሥራ ነው። የዘገየበት ምክንያት ቀላል ነው። በደንብ የተስተካከለ አውሮፕላን እጀታው ቢለቀቅም ለጊዜው ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ሄሊኮፕተር ግን አንዴ ካዘነበለ ወደ ዘነበለበት ይንሸራተታል እንጂ በራሱ አይቃናም። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ይህን ጠባይ ለማለስለስ ከሮተሩ ጋር የሚዞር የማረጋጊያ ዘንግ ነበራቸው። ዛሬ ይህን ሥራ በአብዛኛው ጋይሮ፣ ማለትም የአካሉን መዞር የሚለካ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ፣ ተክቶታል።

ችግር ከመፈለግ በፊት የሄሊኮፕተሩን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ላይ ብልሽት የሆነው ነገር ሌላው ላይ የተለመደ ሊሆን ይችላልና። ባለ ድርብ ሮተሩ አንዱ በሌላው ላይ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ሮተሮች ያሉት ሲሆን ለጀማሪ የሚስማማው እሱ ነው። ባለ ቋሚ ማዕዘኑ አንድ ዋና ሮተርና የጅራት ሮተር አለው፤ ከፍና ዝቅ የሚለውም ሮተሩ ሲፈጥንና ሲዘገይ ነው። ባለ ተለዋዋጭ ማዕዘኑ ደግሞ ሮተሩን በአንድ ፍጥነት እያዞረ የክንፎቹን ማዕዘን ይለውጣል። ተገልብጦ እንኳን መብረር የሚችለው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ብዙ የሚስተካከል ነገር ስላለው ብዙ የሚሳሳትም እሱ ነው።

ከፍተሻው በፊት

ትንሽ ስለሆነ ብቻ አሻንጉሊት ነው ብሎ መገመት አደገኛ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሮተር በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 92 ሜትር ያህል፣ ማለትም በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን አንድ መናፈሻ ውስጥ የ19 ዓመት ወጣት የራሱ ሞዴል ሄሊኮፕተር ራሱን መትቶት ሞቷል። ወጣቱ ለማብረር እንግዳ አልነበረም።

ስለዚህ አብዛኛው ፍተሻ የሚደረገው ሮተሩ ሳይዞር ነው። ከሞተሩ ወደ ፍጥነት ተቆጣጣሪው የሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች ሲነቀሉ ሪሲቨሩ፣ ጋይሮውና ሰርቮዎቹ እንደ ወትሮው ይሠራሉ፤ ሞተሩ ግን በስህተት እንኳን አይነሳም። ሽቦው የማይነቀልበት ሞዴል ከሆነ ክንፎቹን ማውለቅ ይቻላል። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ሆኖም ጀማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚዘሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ልማድ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የተለወጠውን በወረቀት መያዝ ነው። ሁለት ነገር አብሮ ተለውጦ ችግሩ ከጠፋ የትኛው እንዳጠፋው አይታወቅም፤ ከባሰበትም የትኛው እንዳባሰው አይታወቅም።

ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ

ሪሞቱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይበራል፤ የሄሊኮፕተሩ ባትሪ ከዚያ በኋላ ይሰካል። ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ባትሪው ይነቀላል፣ ሪሞቱ መጨረሻ ይጠፋል። ይህ ሲዛባ ሄሊኮፕተሩ የራሱን ሪሞት ሳያገኝ ይቀራል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ሳይታሰብ ሊነሳ መቻሉ ነው።

የሪሲቨሩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ካለ ሁለቱ አልተጣመሩም ማለት ነው፤ በመመሪያው መሠረት እንደገና ማጣመር ያስፈልጋል። መብራቱ ረግቶ፣ ሰርቮዎቹም እየታዘዙ ሞተሩ ብቻ ዝም ካለና የማያቋርጥ የጩኸት ምልክት ከተሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው የኃይል እጀታው ነው። የፍጥነት ተቆጣጣሪው እጀታው ከሁሉ ዝቅ ብሎ ካላገኘው ሞተሩን ላለማስነሳት ተደርጎ ተሠርቷል። እጀታው ዝቅ ብሎም የትሪም ማስተካከያው ጥቂት ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ወይም ለትርዒት በረራ የሚያገለግለው ማብሪያ ሳይታወቅ በርቶ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው። የሞተር መቆለፊያው ማብሪያ ተዘግቶ መርሳትም የተለመደ ነው። በአንዳንድ ሪሞቶች ላይ ደግሞ የኃይሉ ትእዛዝ ተገልብጦ ይላካል፤ ዝቅ ያለው እጀታ ለተቆጣጣሪው ሙሉ ኃይል ሆኖ ይነበበዋል። ይህ የሚስተካከለው በሪሞቱ ውስጥ አቅጣጫውን በመገልበጥ ሲሆን፣ የሞተሩ ሽቦ ሳይነቀል ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ሞተሩ እየጮኸ ሮተሩ የማይዞር ከሆነ የሚታየው ከሞተሩ ጋር የተያያዘችው ትንሿ ጥርስ ናት። እሷን ከዘንጉ ጋር የምታስረው ጥቃቅን ብሎን ከላላች ጥርሷ ባለችበት ትንሸራተታለች። ሞተሩ ወደ ተቃራኒው ከዞረ ደግሞ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል።

በቤት ውስጥ ለልጆች የሚገዙት በጣም ትንንሾቹ ሄሊኮፕተሮች አንዳንዶቹ በሬዲዮ ሳይሆን እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ብርሃን ይታዘዛሉ። እነዚህ ሳሎን ውስጥ በደንብ በርረው ግቢ ሲወጡ ቢወድቁ አያስገርምም። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ብዙ ኢንፍራሬድ ስላለ የሪሞቱን ምልክት ይውጠዋል።

ጅራቱ

የሄሊኮፕተር ሞተር ሮተሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠመዝዝ፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት አካሉ በተቃራኒው ይጠመዘዛል። አብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ ዋናው ሮተር ከላይ ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሚዞር አፍንጫው ወደ ግራ መሄድ ይፈልጋል። ይህን የሚገታው የጅራቱ ሮተር ነው። የሞተሩ ኃይል በተለወጠ ቁጥር ጠምዛዡ ጉልበትም ይለወጣል፤ የሰው እጅ ይህን እየተከታተለ ማረም ስለሚከብደው ሥራው ለጋይሮው ተሰጥቷል።

አዲስ ሄሊኮፕተር መሬቱን ሳይለቅ ወይም ገና እንደለቀቀ በኃይል ከተሽከረከረ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የጋይሮው አቅጣጫ ነው። የተገለበጠ ጋይሮ አካሉ ወደ ግራ መዞር ሲጀምር በመግታት ፋንታ ወደ ግራ ይገፋዋል፤ መዞሩ ሲጨምር መግፋቱም ይጨምራል። በእጀታ ሊገታ አይችልም። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ የእጀታው አቅጣጫና የጋይሮው አቅጣጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እጀታው ወደ ቀኝ ሲባል ጅራቱ በትክክል ቢታዘዝም ጋይሮው የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። እጀታውን ብቻ አይቶ «ጅራቱ ደህና ነው» ብሎ የሚያስነሳ ሰው ሄሊኮፕተሩን በመጀመሪያው በረራ ይሰብረዋል።

ፍተሻው ሞተር አይፈልግም። በመጀመሪያ የጅራቱ እጀታ ወደ ቀኝ ተገፍቶ የጅራቱ ሰርቮ ወዴት እንደሄደ ይታያል። ከዚያ እጀታው ተለቆ የሄሊኮፕተሩ አፍንጫ በእጅ ፈጠን ብሎ ወደ ግራ ይዞራል። ሰርቮው አሁንም ቀደም ሲል የሄደበት አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ ጋይሮው ወደ ግራ የመጣውን መዞር በቀኝ ትእዛዝ ይመልሳልና። በተቃራኒው ከሄደ የጋይሮው አቅጣጫ በራሱ ማብሪያ ወይም በሪሞቱ ምናሌ ይገለበጣል።

ጋይሮው ትክክል ሆኖም ጅራቱ አልይዝ ካለ ወደ መካኒኩ መሄድ ነው። በቺንጋ የሚዞር የጅራት ሮተር ላይ ቺንጋው ሲገጠም ሩብ ዙር ይጠመዘዛል፤ ወደ ተሳሳተው ጎን ከተጠመዘዘ የጅራቱ ሮተር ወደኋላ ይዞራል። የላላ ቺንጋ ደግሞ ኃይል ሲጨመር ጥርስ እየዘለለ ጅራቱን ለቅጽበት ያስለቅቀዋል። የራሱ የጅራት ሞተር ባላቸው ትንንሽ ሞዴሎች ላይ በረራው ሲጀመር ደህና የነበረው ጅራት ባትሪው ሲዳከም መሽከርከር ከጀመረ፣ ሞተሩ በቂ ጉልበት አጥቷል ማለት ነው። ባለ ድርብ ሮተር ከሆነ ነገሩ ይለያል፦ ሁለቱ ሮተሮች እርስ በርስ ስለሚጣፉ ቀስ ያለ መዞር በትሪም ይስተካከላል። ትሪሙ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ መዞሩ ካልቆመ ግን በአንደኛው ጥርስ ላይ ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ፣ አለዚያም አንዱ ሞተር ደክሞ እንደሆነ ይታያል።

ጅራቱ እንደ ውሻ ጭራ ቶሎ ቶሎ ከተወዛወዘ የጋይሮው የምላሽ መጠን በዝቷል ማለት ነው። እየቀነሱ መሞከር፣ ውዝዋዜው እንደቆመም መተው ይሻላል። ከመጠን በላይ ከቀነሰ ጅራቱ ይልምና ነፋስ ሲነካው ይሸሻል። ጅራቱ ሳይወዛወዝ ቀስ እያለ ብቻ ወደ አንድ ጎን ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ጋይሮው ሲነሳ በትክክል አልተረጋጋም። ባትሪው ከተሰካ በኋላ ሄሊኮፕተሩ በደልዳላ ቦታ ለጥቂት ሴኮንዶች ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ በእጅ ተይዞ ወይም ነፋስ እየነቀነቀው የተነሳ ጋይሮ ያንን እንቅስቃሴ እንደ እረፍት ይወስደዋል።

ስዋሽፕሌቱ

ስዋሽፕሌት ከዋናው ሮተር በታች ያለው፣ የአብራሪውን ትእዛዝ ወደሚዞሩት ክንፎች የሚያስተላልፈው አጋዳይ ሳህን ነው። በባለ ተለዋዋጭ ማዕዘን ሞዴሎች ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰርቮዎች በ120 ዲግሪ ርቀት ይይዙታል። ሦስቱ እኩል ሲነሱ ሳህኑ ሳያጋድል ይነሳና የሁሉም ክንፎች ማዕዘን አብሮ ይጨምራል። ከሦስቱ አንዱ ተገልብጦ ከሆነ ሳህኑ በመነሳት ፋንታ ያጋድላል፤ እንዲህ ያለ ሄሊኮፕተር ኃይል በተሰጠው ቅጽበት በጎኑ ይወድቃል። የሞተሩ ሽቦ ተነቅሎ የኃይል እጀታውን ቀስ አድርጎ ከታች ወደ ላይ በመግፋት ሳህኑን ከጎን ማየት ስህተቱን ወዲያው ያወጣዋል።

እጀታው መሃል ላይ ሲሆን የሰርቮዎቹ ክንዶች ከማያያዣ ዘንጎቻቸው ጋር 90 ዲግሪ መሥራት፣ የክንፎቹም ማዕዘን ዜሮ መሆን አለበት። ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው 5 ወይም 6 ዲግሪ ያህል ሲሆን የላይኛው ጫፍ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን በዓይን መገመት ዋጋ የለውም፤ ለዚሁ የተሠራ መለኪያ አለ። የማረጋጊያ ዘንግ የሌላቸው ሞዴሎች ላይ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረጋል፦ ሄሊኮፕተሩ በእጅ ወደፊት ሲደፋ ሳህኑ ወደኋላ፣ ወደ ግራ ሲጋደል ሳህኑ ወደ ቀኝ ማዘንበል አለበት። ከአካሉ ጋር አብሮ ወደ ወደቀበት የሚያዘነብል ከሆነ ጋይሮው በዚያ በኩል ተገልብጧል።

ንዝረት

ንዝረት ራሱ ብልሽት ከመሆኑም በላይ የሌላ ብልሽት ምንጭ ነው፤ ጋይሮውን ያደናግራል፣ ብሎኖችንም ያላላል። የብረት ብሎን ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ የሚደረገው ለዚህ ነው።

በአዲስ ሄሊኮፕተር ላይ የንዝረት የመጀመሪያ ተጠርጣሪዎች ክንፎቹ ናቸው። ሁለቱ እኩል መመዘን አለባቸው፤ ቀላሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፎ ይስተካከላል። የያዟቸው ብሎኖች በጣም ከጠበቁ ክንፎቹ ሲዞሩ ራሳቸውን ቀጥ ማድረግ አይችሉም፤ በጣም ከላሉም ይወዛወዛሉ። ልኩ የሚታወቀው ሄሊኮፕተሩ በጎኑ ሲያዝ ክንፉ ሳይወድቅ ቆይቶ፣ ቀስ ተብሎ ሲነቀነቅ ግን የሚወርድ ከሆነ ነው። ከሩቅ በጎን ሲታዩ የሁለቱ ክንፎች ጫፎች አንድ መስመር ላይ መዞር አለባቸው። አንዱ ከፍ ብሎ ከታየ የእርሱ ማያያዣ ዘንግ በግማሽ ዙር ይስተካከላል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንዱ ጫፍ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ይለጠፋል። ይህን ለማየት ከዓይን ትይዩ ተቀራርቦ መቆም ግን ራስን ለክንፍ መስጠት ነው።

ክንፎቹ ደህና ሆነው ንዝረቱ ካልጠፋ ዋናው ዘንግ ወይም ክንፎቹን የሚይዘው አጭር ዘንግ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን አውልቆ በመስታወት ላይ ማንከባለል ጥቃቅኗን ጥመት እንኳን ያሳያል። የተጣመመ ዘንግ አይቃናም፤ ይለወጣል። ኩሽኔታዎቹም በጣት ሲዞሩ ሸካራ ሆነው ከተሰሙ እንዲሁ ይለወጣሉ።

ከመሬት የማይነሳ ከሆነ

ሮተሩ በደንብ እየዞረ ሄሊኮፕተሩ ካልተነሳ ክንፎቹ ተገልብጠው ገብተው እንደሆነ ይታያል። ወፍራሙና ክቡ ጠርዝ ወደሚዞርበት አቅጣጫ መቅደም አለበት። ቀጥሎ የሞተሩ ጥርስና ትልቁ ጥርስ የሚገናኙበት ልክ ይፈተሻል። በጣም ከተጣበቁ ሞተሩን ያደክማሉ፣ ከተራራቁም ይበላላሉ። በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብቶ ብሎኑን ማጥበቅ፣ ከዚያ ወረቀቱን ማውጣት ተገቢውን ክፍተት ይሰጣል።

በከፍተኛ ቦታ ላይ ለሚያበር ሰው ሌላ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የሮተር የማንሳት ጉልበት ከአየሩ እፍጋት ጋር በቀጥታ፣ ከሮተሩ ፍጥነት ጋር ደግሞ በስኩዌር ስለሚያያዝ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ባለ ቋሚ ማዕዘን ሮተር 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር ይኖርበታል። ባለ ተለዋዋጭ ማዕዘኑ ይህን በማዕዘን ሊያካክስ ይችላል፤ ኃይል መጠየቁ ግን አይቀርም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር ተሞክሮ ተስተካክሎ የተሸጠ ሞዴል እዚህ ሰነፍ ቢመስልና ባትሪው ቶሎ ቢያልቅ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። አቅሙ ከመጀመሪያውም ጠባብ የነበረ ትንሽ ሞዴል ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። በነዳጅ የሚሠሩ ሞተሮች ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ በነዳጅ ስለሚበዛባቸው መርፌያቸው ጠበቅ መደረግ አለበት።

ብልሽት ያልሆኑ ብልሽቶች

ባለ ጅራት ሮተር ሄሊኮፕተር ሲንሳፈፍ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ዋናው ሮተሩ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ የጅራቱ ሮተር አካሉን በሙሉ ወደ ግራ ስለሚገፋው፣ ባለበት ለመቆም ወደ ቀኝ ዘንበል ማለት አለበት። ይህን «ለማቃናት» ስዋሽፕሌቱን የሚያዛባ ሰው ደህና የነበረ ሄሊኮፕተር ወደ ግራ እንዲሸሽ ያደርገዋል። በትልልቆቹ እውነተኛ ሄሊኮፕተሮችም ይኸው ይታያል።

መሬት አጠገብ መንቀጥቀጥና መንሸራተትም እንዲሁ ነው። ከሮተሩ የወረደው አየር መሬት መትቶ ስለሚመለስ፣ ከፍታው ከሮተሩ ስፋት ባነሰ ጊዜ ሄሊኮፕተሩ በሳሙና ላይ የቆመ ይመስላል። ጀማሪ ፈርቶ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲያቆየው ከሁሉ አስቸጋሪው ቦታ ላይ እያቆየው ነው፤ አንድ ሜትር ላይ ይረጋጋል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ አየሩ ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ ከፍ ማለቱም ብዙ አይረዳም።

«ሪሞቱ ግራና ቀኙን ያምታታል» የሚለው ስሞታም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የሄሊኮፕተሩ አፍንጫ ወደ አብራሪው ሲዞር ነው። ግራና ቀኝ የሚቆጠሩት በውስጡ እንደተቀመጠ ሰው እንጂ ከፊቱ እንደቆመ ሰው አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጅራቱን ወደራስ አድርጎ ማብረር ይህን ያስቀራል።

ባትሪው

አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች የሚጠቀሙት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ነው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ሲሆን ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ሄሊኮፕተሩ ጥቂት በርሮ ድንገት ኃይል ካጣ የፍጥነት ተቆጣጣሪው ባትሪውን ለማዳን ኃይሉን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። ጠቅላላው ቮልት ደህና ሆኖ አንዱ ሴል ብቻ የደከመበት ጊዜ ስላለ እያንዳንዱ ለየብቻ ይለካል። ባትሪው የሚሞላው ሴሎቹን በሚያመጣጥን ቻርጀር፣ በራሱ አቅም መጠን ነው፤ 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነው በ2.2 አምፒር ማለት ነው። ያበጠ ወይም በመከስከስ የተጨፈለቀ ባትሪ እሳት ስለሚያስነሳ ዳግም አይሞላም። ደህናውም ቢሆን ሰው በሌለበት ወይም ሌሊት በእንቅልፍ ሰዓት አይሞላም። ለሳምንታት የማይበርበት ከሆነ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ ሆኖ፣ ከሄሊኮፕተሩ ተነቅሎ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጣል።